የመዳብ ዋጋና የዋሂሉ ፍሪጅ

ስለ መዳብ ከማንሣታችን በፊት ስለ አንድ ፍሪጅ እንነጋገር። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለቆላ ሰው አይነገረውም። እዚያ አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት አሉ እንበል። ኢንሱሊናቸውን የሚያስቀምጡት በጎረቤታቸው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጠርሙስ ጎን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቆየት ይገባዋል። አንድ ቀን ታዲያ ፍሪጁ ማቀዝቀዙን ያቆማል። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩም ያጓራል፤ ቅዝቃዜ ግን የለም። ባለሱቁ በመኪና አስጭኖ ወደ ድሬዳዋ ይወስደዋል። ጠጋኙ በሳሙና አረፋ ሲፈትሽ ያገኘው ችግር የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት፤ ቱቦው ተበስቶ ጋዙ ወጥቷል። የሚያስፈልገው ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የመዳብ ቱቦ፣ አንድ ማጣሪያ፣ ጥቂት የብየዳ ዘንግና አዲስ ጋዝ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች አንድ ክንድ መዳብ ነው። የማቀዝቀዣና የማሞቂያ መሣሪያ የሚገጥሙና የሚጠግኑ ባለሙያዎችን ሥራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በመዳብ ዋጋ ምን ያህል እንደሚማረሩ ያውቃል። ደንበኛው በበኩሉ ባለሙያውን ያማርራል፤ «በዚህ ገንዘብ እኮ ያኔ ሁለት ኤሲ አስገጥሜበት ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በደረሰኝ ላይ ተጽፎ የሚታየው ጭማሪ ግን ለክርክር የተመቸ ነው፤ ሰው አይቶ ይቆጣል፣ ይከራከራል፣ ወይም ይተወዋል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን በደረሰኙ ላይ የማይጻፈው፣ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የሚከፈለው ዋጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለሚታየው ዋጋ ጥቂት እንበል። እንደሚታወቀው የመዳብ ዋጋ የሚወሰነው በዓለም ገበያ፣ በተለይም በለንደን የብረታ ብረት ገበያ፣ በዶላር ነው። በያዝነው ክፍለ ዘመን መባቻ አንድ ቶን መዳብ ከ2,000 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ8,000 ዶላር አለፈ፤ በ2008 መጨረሻ በዓለም የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ከ3,000 ዶላር በታች አሽቆለቆለ፤ በ2011 መጀመሪያ ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስደነገጠበት በማርች 2020 መጨረሻ ወደ 4,800 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ዳገት ነው፤ በሜይ 2024 ከ11,000 ዶላር በላይ ደረሰ፣ በዲሴምበር 2025 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 12,000 ዶላርን ተሻገረ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። መዳብ በብዛት የሚወጣው ከጥቂት አገሮች ነው። ቺሊ ብቻዋን ከዓለም የማዕድን ምርት ሩብ ያህሉን ትይዛለች፤ ከአህጉራችን ዴሞክራቲክ ኮንጎና ዛምቢያ ትልልቅ አምራቾች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ የደረሰ አደጋ በሌላው የዓለም ጫፍ ያለውን ጠጋኝ ይነካል። በ2023 መጨረሻ የፓናማ ትልቁ የመዳብ ማዕድን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ተዘጋ፤ በሴፕቴምበር 2025 በኢንዶኔዥያው የግራስበርግ ማዕድን የጭቃ ናዳ ሠራተኞችን ገድሎ ምርቱን አስተጓጎለ። ፈላጊው ደግሞ ይበዛል። አንድ የነዳጅ መኪና 20 ኪሎ ግራም አካባቢ መዳብ ሲወስድ የኤሌክትሪክ መኪና 80 ኪሎ ግራም ገደማ ይወስዳል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሏን፣ ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን ስናስታውስ፣ ለመዳብ ከተሰለፉት መካከል እኛም እንዳለንበት እንረዳለን። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ ኃይል ባለበት ሽቦ ይኖራል።

የድሬዳዋው ጠጋኝ ኪሳራ ግን በለንደን ዋጋ ብቻ አይገለጽም። አንድ ቀላል የማባዛት ሒሳብ እንሥራ። በማርች 2020 መጨረሻ አንድ ዶላር 32 ብር ገደማ ነበር፤ የአንድ ኪሎ መዳብ የዓለም ዋጋ በብር ሲመነዘር 154 ብር ያህል ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ2024 መጨረሻ ላይ ዶላሩ 125 ብር ገደማ፣ መዳቡ ደግሞ በቶን 8,800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኪሎው 1,100 ብር ማለት ነው። በዶላር የታየው ጭማሪ እጥፍ እንኳ አልሞላም። በብር ግን ከሰባት እጥፍ በላይ ሆነ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ለውጦች ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። ለንደን ላይ ዋጋው ሲወርድ እንኳ ድሬዳዋ ላይ ላይወርድ የሚችለው ለዚህ ነው። ይህም ገና የጥሬው ብረት ዋጋ ነው፤ ቱቦ የማድረጊያው፣ የመርከቡ፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ አልተጨመረበትም። ድሬዳዋ ለጅቡቲ ወደብ ቅርብ መሆኗም እዚህ ላይ ብዙ አይጠቅማትም፤ መዳብ ውድ የሚሆነው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በራሱ ነውና።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። ለመሆኑ የማቀዝቀዣ ቱቦ ለምን ከመዳብ ይሠራል? ይህን ጥያቄ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብናቀርብ መልሱ ፈጣን ነው፤ «መዳብ ሙቀትን በደንብ ስለሚያስተላልፍ» ይለናል። የመማሪያ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። እርግጥ የመዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ 400 ዋት ገደማ ሲሆን የአሉሚኒየም 237 ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሒሳብ ሲሠራበት አይጸናም።

የቱቦው ግድግዳ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። 400ን ለ0.0008 ሜትር ስናካፍል፣ አንድ ካሬ ሜትር የመዳብ ግድግዳ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 500,000 ዋት ማሳለፍ እንደሚችል እናገኛለን። የአሉሚኒየሙ ግድግዳ 296,000 ዋት ገደማ ያሳልፋል። ከቱቦው ውጭ ያለው አየርስ? በማራገቢያ የሚነፍስ አየር በአንድ ካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ የሚቀበለው ወይም የሚሰጠው 50 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ የሙቀቱን ጉዞ የሚያዘገየው አየሩ ነው፤ ግድግዳው ከእርሱ አሥር ሺህ ጊዜ የበለጠ ክፍት ነው። በቱቦው ላይ የሚደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች የአየሩን ንክኪ ብዙ እጥፍ ቢጨምሩትም ልዩነቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ ይቀራል። ሰፊ አስፋልት ተሠርቶ መጨረሻው ላይ አንዲት አህያ ብቻ የምታሳልፍ ድልድይ ቢኖር አስፋልቱ ስድስት መስመር ይሁን አራት ምን ለውጥ ያመጣል? ከዚህ አንጻር መዳብና አሉሚኒየም እኩል ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

ታዲያ መዳብ ለምን ተመረጠ? ጠጋኙን እንጠይቀው። በእጅ ይታጠፋል፣ አይሰነጠቅም። ጫፉ በቀላል መሣሪያ እንደ ደወል ይከፈትና በብሎን ይታሰራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየትም ቦታ ይበየዳል። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የመዳብና የፎስፎረስ ቅይጥ የሆነው የብየዳ ዘንግ ከ700 እስከ 800 ባለው ዲግሪ ውስጥ ይፈስሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወደ 300 ዲግሪ ይጠጋል፤ እጁ የተሳሳተን ሰው ይምራል ማለት ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሲሆን ለእርሱ የሚውለው የተለመደው የብየዳ ቅይጥ የሚፈስሰው በ580 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀረው 80 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት እንደ መዳብ ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ነበልባሉን ሲያዩት ደህና የነበረው ቱቦ በቅጽበት ተንጠባጥቦ ያልቃል። ሙቀቱ በጥንቃቄ በሚቆጣጠርበት የፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ይህ ችግር አይደለም፤ የመኪና ኮንደንሰሮች ከአሉሚኒየም ተሠርተው ለዓመታት ያገለግላሉ። በጓሮ፣ በነፋስ ውስጥ፣ በአንዲት የጋዝ ሲሊንደር ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ የእኛ አቋም ይህ ነው፤ በእንደ እኛ ባለ አገር መዳብ የሙቀት ማስተላለፊያ ከመሆኑ ይልቅ የጥገና ብረት ነው። ዋጋው ሲንር የምናጣውም የመጠገንን ዕድል ነው። ዛሬ ብዙ የቤት ፍሪጆች የውስጡ ቱቦ ከአሉሚኒየም፣ የጀርባው ከብረት ተሠርቶ ይመጣል። ሲገዙ ርካሽ ናቸው፣ አዲስ ሳሉም እንደ ሌላው ያቀዘቅዛሉ። የዋሂሉ ባለሱቅ የገዛው ፍሪጅ የተበሳው በአሉሚኒየሙ በኩል ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ ምናልባት «ይህማ አይሆንም፣ ሌላ ግዛ» ብሎ ይመልሰው ነበር። መዳብና አሉሚኒየም በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ እርጥበት ከገባም ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆኑና አሉሚኒየሙ ይበላል። በከተማ መሀል፣ አዲስ ዕቃ በቅርብ በሚገኝበት ቦታ፣ ይህ የዋጋ ጉዳይ ነው። በዋሂል ግን የኢንሱሊን ጉዳይ ነው። እርግጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ እንስራ በትነት ኃይል ውስጡን ከደጁ አየር ጥቂት ዲግሪዎች ያወርዳል፣ በደረቅ ወራትም ይበልጥ ይሠራል፤ ለተጀመረው ጠርሙስ ይህ ቀላል ረዳት አይደለም። ወደ 8 ዲግሪ ግን አያደርስም።

አሁን በደረሰኝ ላይ ወደማይጻፈው ዋጋ እንመጣለን። ለአንድ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ብዙ ጊዜ ሁለት ቱቦ ይዘረጋል፤ አንዱ ሩብ ኢንች፣ ሌላው ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው። ግድግዳቸው 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሁለቱ አንድ ሜትር በአንድ ላይ 320 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አምስት ሜትር ሲዘረጋ 1.6 ኪሎ መዳብ ገደማ ነው። ፋብሪካዎች ግን 0.7፣ 0.6፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው ቱቦም ያመርታሉ። የውጭ ስፋቱ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ በሜትር ሲለካም አንድ ነው። በ0.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያው አምስት ሜትር ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ከግማሽ ኪሎ በላይ መዳብ ጠፋ፤ በ2024 መጨረሻ ዋጋ 600 ብር ገደማ። ደንበኛው አላየም፣ ምናልባት ገጣሚውም አልለካም።

የጠፋው ግን ክብደት ብቻ አይደለም። አንድ ቱቦ በአስተማማኝ ሊሸከም የሚችለውን ግፊት በግምት ለማግኘት የግድግዳውን ውፍረት በሁለት፣ ከዚያም ብረቱ በደህና በሚሸከመው ውጥረት አባዝተን ለውጭ ዲያሜትሩ እናካፍላለን። ለስላሳ የሆነ መዳብ ሲሞቅ የሚፈቀድለት ውጥረት 35 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው። ሦስት ስምንተኛ ኢንች 9.52 ሚሊ ሜትር ነው። የ0.8ቱ ቱቦ 59 ባር ይወጣዋል፣ የ0.5ቱ 37 ባር ገደማ።

አሁን የድሬዳዋን ጣራ እናስብ። የደጁ አየር ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ከኤሲው የውጭ ክፍል ውስጥ ያለው ጋዝ ሙቀቱን ለመጣል ከአየሩ የበለጠ መሞቅ ስላለበት 55 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። በዚህ ሙቀት የቀድሞው አር 22 ጋዝ 22 ባር ገደማ ግፊት ነበረው። እርሱን የተካው አር 410ኤ ግን 34 ባር ይደርሳል፤ ኮንደንሰሩ በአቧራ ተደፍኖ ጋዙ 60 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ 38 ባር። እንግዲህ ስሱ ቱቦ የደህንነት ወሰኑን አልፏል። በዚያው ቀን ይፈነዳል ማለታችን አይደለም፤ በወሰኑ ውስጥ የተቀመጠ መጠባበቂያ አለ። የተበላው መጠባበቂያው ነው። በመታጠፊያውና እንደ ደወል በተከፈተው ጫፍ ላይ ግድግዳው ይበልጥ እንደሚሳሳ ስንጨምርበት፣ ከሁለት ክረምት በኋላ የሚመጣው የጋዝ መፍሰስ ከየት እንደመጣ እንገምታለን። አንድ ኪሎ አር 410ኤ ወደ አየር ሲለቀቅ ከባቢ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ሁለት ቶን ከሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይተካከላል። በ600 ብር ቁጠባ የተገኘው ትርፍ ይህ ነው።

ጥፋቱ የገጣሚው ነው ወይ? በከፊል። ነገር ግን ሦስት ሰዎች ፕሮፎርማ ሲያቀርቡ ዝቅተኛው ያሸንፋል። 0.8ቱን ቱቦ ይዞ የመጣው ሐቀኛ ባለሙያ ከሌላው ውድ ሆኖ ይታያል፤ በሦስተኛው ጨረታ ላይ ወይ ይቀራል ወይ እንደ ሌላው ይሆናል። ደግሞም በብር ዋጋ ቆርጦ የፈረመ ሰው፣ ሥራው እስኪጀመር ቱቦው ቢጨምርበት ልዩነቱን ከኪሱ ያወጣል። አነስተኛ ሥራ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የለውም። ኪሱ የጎደለ ሰው የሚቆጥበው ከማይታየው ነው፤ ከግድግዳው ውፍረት፣ ከኢንሱሌሽኑ፣ ወይም ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ ባዶ ለማድረግ ከሚያጠፋው ግማሽ ሰዓት።

እዚህ ላይ ለመፍትሔ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ወርቅ ቤቶች ለዘመናት የሠሩበት መላ አለ። ቀለበት ስታሠሩ ወርቁ በግራም፣ በዕለቱ ዋጋ ይመዘናል፤ «የእጅ» ለብቻው ይታሰባል። ወርቅ ሠሪው በወርቅ ዋጋ መናር አይከስርም፣ ደንበኛውም ስንት ግራም እንደያዘ ያውቃል። የኤሲ ፕሮፎርማስ ለምን እንዲህ አይጻፍም? የመዳቡ ክብደትና የግድግዳው ውፍረት በአንድ መስመር፣ ዋጋው በሚገዛበት ዕለት፤ የእጅ ዋጋው በሌላ መስመር፣ የማይለወጥ። ደንበኛው የቱቦውን ቁራጭ በሚዛን ላይ አስቀምጦ ማረጋገጥ ይችላል። ውፍረት በማይክሮሜትር መለካት ያልለመደ ሰው እንኳ ግራም ማንበብ አያቅተውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ ይህችን አንዲት መስመር ቢጨምሩ ከብዙ ስብሰባ ትበልጣለች ብለን እናምናለን።

መዳብ በሌላ መተካት የለበትም ማለታችንም አይደለም። የመብራት ኃይል ረጅም መስመሮቻችን የተዘረጉት በአብዛኛው የብረት እምብርት ባለው የአሉሚኒየም ሽቦ ነው፤ አሉሚኒየም ለአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ 1.6 እጥፍ የሽቦ ቁርጥ ስፋት ቢጠይቅም ክብደቱ ግማሽ ስለሚሆን ለምሰሶውም ለኪሱም ይቀላል። የሞተር መጠቅለያ ሽቦ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው ቦይ ለመዳብ ተለክቶ የተቆረጠ ነውና ወፈር ያለው አሉሚኒየም አይገባበትም። ቀጭኑ ሲገባ ደግሞ ይሞቃል፣ በቆላ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ጨምሮ ይቃጠላል። ከላይ ብቻ መዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ «መዳብ» ተብሎ ሲሸጥ ደግሞ ማጭበርበር ነው። የአክሱም ነገሥታት ከመዳብ በሚቀረጹ አንዳንድ ሳንቲሞቻቸው ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ማንም ግን ሳንቲሙ ሁለንተናው ወርቅ ነው ብሎ አልተታለለም። ውዱን ነገር በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ፣ በግልጽ ማኖር ጥንትም የታወቀ ብልሃት ነው። በደጋ ከተሞች ስለሚገጠሙት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎችም የምንለው ይኸው ነው፤ ውሃው የሚያልፍበት ቱቦ መዳብ ይሁን፣ ሰሌዳው ግን አሉሚኒየም ቢሆን ብዙ አንጎዳም።

ከሁሉ የረከሰው መዳብ ግን ጭራሽ ያልተገዛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ከዚራን የሠሩት ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውም። ወፍራም ግድግዳ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣራና በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ነበራቸው። ዛሬም በቀትር ከመጋላ ገበያ ወጥቶ ወደ ከዚራ ጥላ የገባ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ይለካዋል። 20 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ ቀትር ላይ እስከ 20,000 ዋት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይወርድበታል፤ ከዚህ መቶኛው አምስት ብቻ ወደ ክፍሉ ቢገባ 1,000 ዋት ነው። አንድ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ የሚያወጣው ሙቀት 3,500 ዋት ገደማ ነውና፣ ከአቅሙ ሩብ የሚበልጠው ጣራውን በመታገል ያልቃል። ነጭ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ አንድ የኒም ዛፍ ይህን ሸክም ያቀልሉታል። ሸክሙ ሲቀል በ18,000 ፋንታ 12,000 ቢቲዩ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ የግማሽ ኢንቹ ቱቦ በሦስት ስምንተኛ ይተካል፣ በያንዳንዱ ሜትርም 70 ግራም ያህል መዳብ ይተርፋል። ጥሩ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ወደ ቤቱ ሲገባ በመጀመሪያ ጣራውን ቀና ብሎ የሚያየው ለዚህ ይመስለናል። መስታወት በመስታወት የሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች በቆላ ከተማ መሀል ሲቆሙ ስናይ ግን፣ ነዳፊያቸው ከዚራን አንድ ቀን እንኳ በእግሩ ሄዶባት እንደሆነ እንጠራጠራለን።

ስለ ቁራሌውም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። መዳብ በተደጋጋሚ ቢቀልጥ ባሕርዩን አያጣም፤ ከአሮጌ መዳብ አዲሱን ማግኘትም ከማዕድን ድንጋይ ከማውጣት እጅግ ያነሰ ኃይል ይጠይቃል። ዋጋው ሲወደድ ታዲያ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነቃሉ። አንደኛው የተጣለውን የሚለቅም ነው፣ እርሱን እናመሰግነዋለን። ሌላው ያልተጣለውን የሚቆርጥ ነው፤ የስልክና የመብራት ገመድ ስርቆት የሚብሰው መዳብ በተወደደ ቁጥር ነው። የለቀመውም ቢሆን ሽፋኑን ለማንሣት ገመዱን ሜዳ ላይ ሲያቃጥል ከፕላስቲኩ የሚወጣው ጭስ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ ይይዛል፤ በአቅራቢያው የሚጫወቱ ሕፃናት ይተነፍሱታል። ሽፋኑን በስለት የሚልጥ ቀላል መሣሪያ መሥራት ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከባድ የመመረቂያ ሥራ አይደለም። እስከ አሁን ብዙዎቻችን የምንመርጠው ግን በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ራሳችንን ጨምረን ነው የምንወቅሰው።

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። የዋሂሉ ፍሪጅ በመዳቡ በኩል የተበሳ ነበር ብለናል። ጠጋኙ አንድ ክንዷን ቱቦ ይበይዳል፣ ማጣሪያውን ይለውጣል፣ በፓምፕ አየሩን ያወጣል፣ ጋዙን በሚዛን ይሞላል። ባለሱቁ ክፍያውን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ጠጋኙም «የእኔ የእጅ ይህች ናት፣ ሌላው የመዳቡና የጋዙ ነው» ብሎ በወረቀት ይለይለታል። ፍሪጁ በማግስቱ ይጫናል።

እናንተ ደግሞ በየከተማችሁ አንድ ነገር ብትሠሩልን እንወዳለን። ከምታውቁት የማቀዝቀዣ ጠጋኝ የተቆረጠ፣ አንድ ሜትር የሚሞላ የሦስት ስምንተኛ ኢንች የመዳብ ቱቦ ለምኑ፤ በላቦራቶሪያችሁ ወይም በቅርብ ባለ ወርቅ ቤት ሚዛን መዝኑት። 196 ግራም ገደማ ከሆነ ግድግዳው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 127 ገደማ ከሆነ 0.5 ነው። ጠጋኙ ቱቦውን ስንት እንደገዛው፣ ሻጩም ስለ ውፍረቱ ነግሮት እንደሆነ ጠይቁት፤ የጠጋኙንም የሻጩንም ስም ሳትጽፉ ከተማውን፣ ግራሙንና ዋጋውን ላኩልን።